ስለ ጋሽ ውሃልክ ዕረፍትና ስለ ቀሪው አራት ሜትር ግድግዳ

ለማዕከሉ ሠራተኞች፣ ለግድግዳ ሥራ ኮሚቴ አባላት፣ ለስድሳ ሁለቱ ቤተሰቦችና ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ፤

የሰፈራችን መዝናኛ ማዕከል የግድግዳ ሥራ አስተባባሪ የነበሩት አንጋፋው የሴራሚክ ንጣፍ ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሽ ውሃልክ እያልን የምንጠራቸው አባታችን፣ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ግንቦት 9 ቀን በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ቤተሰቦቻቸው፣ የሙያ ባልደረቦቻቸውና የሰፈሩ ነዋሪዎች በተገኙበት በማግስቱ ተፈጽሟል። የማዕከሉ ጽሕፈት ቤት በሳቸው ማለፍ የተሰማውን ከባድ ሐዘን ይገልጻል።

ሐዘናችን እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መግለጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንገቱን ደፍቶ ቢሄድ ጋሽ ውሃልክን አይመስልም። በዚያ ላይ ለሕዝብ ለመንገር የቸኮልንበት፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቢሮአችን ውስጥ ሰው ተቀምጦ እንዳይሠራ ያደረገ ትልቅ ዜና አለ። በወጉ መሠረት አገልግሎታቸው ይቀድማልና ከዚያ እንጀምራለን፤ አንባቢ ግን እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን አደራ እንላለን።

ጋሽ ውሃልክ ለአርባ ሦስት ዓመታት ሴራሚክ አንጥፈዋል። የጤና ጣቢያው ኮሪደር፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤቶች፣ የዳቦ ቤቱ ወለልና ስንት እንደሆኑ እሳቸውም የማያውቋቸው የመታጠቢያ ቤቶች የእጃቸው ሥራ ናቸው። ቅጽል ስማቸውን ያወጣችላቸው ከደረት ኪሳቸው የማትለየው አጭር ውሃ ልክ ናት። በእንግድነት በሄዱበት ቤት እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጧትና አረፋዋ መሐል ላይ ካልቆመች፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር ወረቀት አጥፈው ሳያስገቡ ምግብ አይቀምሱም ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ጉልበታቸው ተንበርክኮ መሥራትን እምቢ ስላላቸው ጡረታ ወጡ። ስለ ጡረታቸው ሲጠየቁ ግን፣ “የወጣው ጉልበቴ ነው፤ እኔ አልወጣሁም” ይሉ ነበር።

በያዝነው ዓመት ለማዕከሉ ያበረከቱት አስተዋፅኦ እንደሚከተለው ነው።

ጥቅምት 14 ቀን። የማዕከሉ ሕንፃ ግንብ ቆሞ፣ መንገዱን የሚያየው ሃያ አራት ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ አመድማ ቀለም እንዲቀባ ተወስኖ ነበር። በዚህ ዕለት ጋሽ ውሃልክ ስባሪ ስኒና ሳህን የሞላ ፌስታል አንጠልጥለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ቃለ ጉባኤ ያዣችን የሰሙትን ሁሉ የመጻፍ ልማድ ስላላቸው ንግግሩ እንዳለ ተመዝግቧል።

“ይኼ ሁሉ ሰው የሚያልፍበት ግድግዳ አመድ መስሎ ይቅር? ነውር አይደለም እንዴ?”

“ጋሼ፣ ጠረጴዛዬን እኮ ፈጁት!”

“ጠረጴዛህማ ድሮም ዘሟል። ቆይ፣ ውሃ ልኬን ላውጣ።”

ጠረጴዛው በዕለቱ ተስተካክሏል። ሥራ አስኪያጁም ቀለሙን የሚመለከተውን ውሳኔ ለጊዜው አግደዋል።

ኅዳር 2 ቀን። ኮሚቴው የጋሽ ውሃልክን ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ተቀበለ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ በማዕከሉ ዙሪያ ከሚኖሩት ስድሳ ሁለት ቤተሰቦች ከእያንዳንዱ አንድ ሰው፣ በቁመቱ ልክ፣ ግድግዳው ላይ ይወጣል። ሁሉም ወደ ማዕከሉ በር ይራመዳሉ። የሚሠሩትም ከየቤታቸው በሚመጣ ስባሪ ሳህን፣ ስኒ፣ ብርጭቆና ሴራሚክ ነው። ግድግዳው በስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል አራት አራት ሜትር ሆኖ ተከፈለ። በአምስቱ ክፍሎች አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰው፣ በግራ ጫፍ ባለው፣ መስኮት ባለበት በስድስተኛው ደግሞ ሰባት ሰው እንዲገባ ተደለደለ።

ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ያልተሰበረ ዕቃ አይገባም። “ደህናውን ተጠቀሙበት። ግድግዳው የሚፈልገው ሲሰበር ‘ውይ!’ ያላችሁበትን ነው” አሉ። ደንቡ ያላሰብነውን ነገር አመጣ። ግድግዳው ላይ ለመውጣት የጓጓ ነዋሪ ደህና ሳህኑን እየሰበረ ይመጣ ጀመር! ጋሽ ውሃልክ የስብራቱን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና፣ “ይቺ ወድቃ አይደለም፣ ተመትታ ነው” ብለው ይመልሱታል። ያለፈው ደግሞ በደብተራቸው ይመዘገባል። ለአብነት ያህል፦ “የሻይ ብርጭቆ፣ አረንጓዴ። የሰበረው፦ አባት። የተወነጀለው፦ ድመት።” በዚህ ደብተር ምክንያት በሰፈራችን ዓመታት ያስቆጠሩ ክርክሮች እልባት አግኝተዋል። አንዲት እናት ስለ አንድ የሾርባ ሳህን፣ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት የሆነውን ልጃቸውን በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጥር። ወሩን በሙሉ የማዕከሉ አዳራሽ ወለል በቡናማ ወረቀት ተሸፈነ። ነዋሪዎች በየተራ እየመጡ በጎናቸው ተኙ፤ እንደሚራመድ ሰው አንድ እግራቸውን አስቀደሙ፤ ጋሽ ውሃልክም ጉልበታቸው ስለማይታጠፍላቸው ከረጅም ዱላ ጫፍ ላይ እርሳስ አስረው፣ ቆመው እየዞሩ ዳር ዳራቸውን አሰመሩ። ፖስታ አዳይዋ ከነቦርሳቸው ተኙ። ዳቦ ጋጋሪያችን ከወረቀቱ ተነሥተው የሆዳቸውን መስመር ሲያዩ፣ “ያበጠው እርሳሱ ነው” በማለት ድጋሚ እንዲሰመሩ ጠየቁ። ድጋሚ ተሰመሩ። ጨመረ። በሦስተኛው ሊሞክሩ ሲሉ ከኋላ የተሰለፈው ሰው፣ “ኧረ ጋሼ ይተዉት፣ ከዚህ በኋላ ግድግዳው አይበቃም!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በዚያ ወር የሳቀውን ያህል ተመርቆ ሲከፈትም መሳቁን እንጃ።

መጋቢት 3 ቀን። የመጀመሪያው ክፍል በሕዝብ ፊት ተገለጠ። ስለዚህ ቀን መናገር የግድ ነው፤ ለማለፍ ብንፈልግም የሰፈሩ ሰው አያሳልፈንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስባሪው በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። አስቀድሞ በሰው ቅርጽ በተቆረጠ ወረቀት ላይ፣ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ፣ በዱቄት ሙጫ ይጣበቃል። ከዚያ ወረቀቱ ከነስባሪው ተነሥቶ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ይጫናል። ሲሚንቶው ሲይዝ ወረቀቱ በውሃ ርሶ ይላጣል፤ የስባሪው ፊትም ይወጣል። በዚህ ጊዜ ምስሉ ይዞራል። ወረቀቱ ላይ ወደ ግራ የሚሄድ ሰው፣ ግድግዳው ላይ ወደ ቀኝ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ የተሰመረው ወረቀት ሳይቆረጥ በፊት አንድ ጊዜ መገልበጥ አለበት።

የማዕከሉ በር በግድግዳው ቀኝ ጫፍ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ባልዲና ስፖንጅ ቀርቦ፣ ወረቀቱ ሲላጥ አሥራ አንዱ ሰዎች በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በወርቃማ ስባሪ ደምቀው ብቅ አሉ። ጭብጨባው አካባቢውን አናወጠው። ከመሐል ፖስታ አዳይዋ፣ “ቆይ ግን፣ እነዚህ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?” ብለው ጠየቁ።

ሁሉም የሚሄዱት ወደ ግራ ነበር። በስተግራ ያለው የሰፈሩ የቆሻሻ ገንዳ ነው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የሆኑት ፀጉር አስተካካያችን፣ “ቆሻሻ ሊደፉ ነዋ!” አሉ። ግማሹ ሳቀ፤ ግማሹ ራሱን ያዘ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ክፍል የተዘጋጁት ሃያ ሁለት ሰዎችም በዚያው መንገድ ተጣብቀው አልቀው ነበርና፣ ይፍረስ የሚለው ድምፅ በረታ። ጋሽ ውሃልክ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብለው፣ “ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም” አሉ። ይኸው በቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ እሳቸውም ፈረሙበት።

መጋቢት 5 ቀን። ጋሽ ውሃልክ በግድግዳው ግራ ጫፍ ሜትር ዘርግተው ተገኙ። የሕንፃውን መሐንዲስ አስጠርተው የተናገሩትም ተመዝግቧል።

“ልጄ፣ ሠላሳ ሦስት ሰው ከሚዞር አንድ በር ቢዞር አይቀልም?”

“ጋሼ፣ በር እኮ ወንበር አይደለም፤ ተነሥ ሲሉት አይነሣም።”

“ገና መቼ ተገጠመ? አሁን እኮ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳ ደግሞ የትም ይኖራል።”

መሐንዲሷ ስቀው ሄዱ። በማግስቱ ግን ፕላናቸውን ይዘው፣ ሳይስቁ ተመለሱ። በቀኝ በኩል መሬቱ ዝቅ ስለሚል ለመግቢያው አራት ደረጃ ያስፈልግ ነበር። በግራ በኩል መሬቱ ከወለሉ ጋር እኩል ነው። በሩ ወደ ግራ ቢዞር በዊልቸር የሚንቀሳቀስም፣ ጋሪ የምትገፋ እናትም ማንንም ሳይለምኑ ቀጥ ብለው ይገባሉ። አዲሱ ፕላን በዘጠኝ ቀን ጸደቀ፤ የቆሻሻ ገንዳውም ተነሥቶ ወደ ኋላው መንገድ ሄደ። ሕንፃ ለሥዕል ሲባል በሩን ሲያዞር ሰምተን አናውቅም። የኛ አዞረ!

ሚያዝያ 28 ቀን። አምስተኛው ክፍል ተጠናቀቀ። ሃምሳ አምስት ሰዎች ወደ አዲሱ በር እየተራመዱ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስታርፍባቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው አውቶቡሱን እያሳለፈ የሚቆምበት ጊዜ እንዳለ የፌርማታው ተራ አስከባሪ ገልጸውልናል።

የጋሽ ውሃልክ አገልግሎት እዚህ ላይ ቆመ። ሰባት ሰዎችና አራት ሜትር ግድግዳ ቀሩ።

ግንቦት 11 ቀን ከግንባታ ክትትል ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰን። የማዕከሉ መክፈቻ ሰኔ 20 ቀን በመሆኑ፣ ባለሙያውም በሕይወት ስለሌሉ፣ ቀሪው አራት ሜትር ተለስኖ አመድማ ቀለም እንዲቀባና መወጣጫው እንዲነሣ ያሳስባል። ደብዳቤው የክፋት አልነበረም። መሐንዲሷ ፈርመው ሲሰጡን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኛም የቀሪው ክፍል ንድፍ ያለው በጋሽ ውሃልክ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ብለን አምነን ነበር።

በዚህ መካከል ኮሚቴው በአንድ ነገር ተስማማ። ቀሪው ክፍል እንዲሠራ ከተፈቀደ የጋሽ ውሃልክ ምስል ይገባበታል። ቦታው ለሰባት ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ሰው መልቀቅ ነበረበት፤ ዳቦ ጋጋሪያችንም፣ “የኔን ቦታ ይውሰዱ። የኔ ሆድ ከለቀቀማ ሁለት ሰው ያስገባል” ብለው ፈቃዳቸውን ሰጡ።

ግንቦት 12 ቀን። ሥራ አስኪያጁ፣ የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ መሐንዲሷና ቃለ ጉባኤ ያዣችን የሚገኙበት ልዑክ ባለቤታቸውን ለማጽናናት ወደ መኖሪያ ቤታቸው አመራ። ባለቤታቸው በሰፈራችን ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በልብስ ስፌት የሚታወቁ፣ ከኛ መካከል ቢያንስ የግማሻችንን ሱሪ ያሳጠሩ እናት ናቸው። ልዑኩ ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ ስለ ቀሪው ክፍል ተነሣ። ሊቀ መንበሩ ለማጽናናት ብለው፣ “እትዬ፣ ወረቀቱን እኛው እንቆርጠዋለን። ዋናው መገልበጡን አለመርሳት ነው” አሉ።

“ስንቴ ልትገለብጡት ነው?” ሲሉ ባለቤታቸው ጠየቁ።

“አንዴ ነዋ፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ሰባቱ ሰዎች ከሃምሳ አምስቱ ጋር ግንባር ለግንባር ሊላተሙ ነው።”

ማንም አልገባውም። ባለቤታቸው ተነሥተው ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቅል ወረቀት አወጡና በስፌት መኪናው ላይ ዘረጉት። ሰባቱም ሰዎች ነበሩ! ተቆርጠው፣ ተቆጥረው፣ እያንዳንዱ ሰው የቱ ላይ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚገባበት በጠመኔ ምልክት ተደርጎባቸው፣ የዳቦ ጋጋሪው ሆድ ሳይቀር አንድ ሴንቲ ሳይነካ ተቀምጧል። ስድሳ ሁለቱንም ሰዎች የቆረጡት፣ የቀለሞቹንም ድልድል ያወጡት ባለቤታቸው ናቸው። እኛ ይህን አናውቅም ነበር። አልጠየቅንማ።

የመጋቢቱንም ነገር በዚያው ነገሩን። ቃላቸውን እንዳለ እናሰፍራለን።

“እሱ ዳር ዳሩን ያሰምርና ወረቀቱን ገልብጦ ያመጣልኛል፤ የሱ ሥራ ያዘዋል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ጨርቅ ከውስጥ በኩል ገልብጬ ነው የምቆርጠው፤ እጄ ለምዷል። ሳላስበው እኔም ገለበጥኩት። ሁለቴ የተገለበጠ ነገር ደግሞ እንዳልተገለበጠ ነው። ያን ቀን ከግድግዳው ሲመለስ ነገርኩት። ‘አንቺ ዝም በይ፤ ለአንድ ግድግዳ አንድ ጥፋተኛ ይበቃል’ አለኝ። በሩ ሲዞር ደግሞ፣ ‘አሁን እንዳታርሚው! እንደለመድነው ሁለቴ እየገለበጥን እንጨርሰው’ አለና እየሳቅን ቀጠልን።”

ቀጥለው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዣችን ዞሩ። “እስቲ ንገሪኝ፤ እናንተ ቢሮ ስለዚህ ግድግዳ የሱ ፊርማ ያረፈበት ስንት ወረቀት አለ?”

ቃለ ጉባኤ ያዣችን አሰቡ። “አንድ ነው፣ እትዬ” አሉ።

“ምን ይላል?”

ሁላችንም ምን እንደሚል እናውቃለን።

“አርሙልኛ! ስድስት ወር ሙሉ ደክሞ፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ‘ጥፋተኛ ነኝ’ የሚል ሆኖ አይቀርም። የሁለታችን ነው በሉ። ጥፋቱ የሁለታችን ከሆነ ግድግዳውም የሁለታችን ነው፤ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ።”

ነርስ የሆኑት ልጃቸው፣ “እማዬ፣ ገና ሦስተኛ ቀንሽ እኮ ነው” አሏቸው። “ታዲያ ሰኔ ሃያ ለኔ ብላ ትቆማለች?” ብለው መለሱ።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ የጋሽ ውሃልክን ምስል የሚመለከተውን የኮሚቴ ውሳኔ በክብር አሰሙ። ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። ባለቤታቸው ግን ጥቅሉን መልሰው እየጠቀለሉ እንዲህ አሉ፦ “አይሆንም። ማንን አስወጥታችሁ? እሱ ለሰባት ሰው ቃል ገብቷል፤ ዳቦ ጋጋሪው ከጥር ጀምሮ በየቀኑ ‘ተራዬ መቼ ነው?’ እያለ ሲያደርቀው ከርሟል። ሰባቱን አስገቡልኝ። ግድግዳ ላይ ካላያችሁት የምትረሱት ከሆነ፣ ይቅርባችሁ።”

መሐንዲሷ ደብዳቤያቸውን ከቦርሳቸው አወጡ፤ ሁለት ቦታ ቀደዱት። ይህን በመግለጫ ውስጥ ማስገባት ደንብ ይሁን አይሁን አናውቅም። አስገብተነዋል።

ከላይ በተገለጸው መሠረት የማዕከሉ ጽሕፈት ቤት ዛሬ ግንቦት 14 ቀን ባደረገው ስብሰባ የሚከተለውን ወስኖ ለሕዝብ ያሳውቃል። ቀሪው አራት ሜትር አይለሰንም፤ አይቀባም። መወጣጫው እስከ ሰኔ 19 ቀን ድረስ ባለበት ይቆማል። ስድስተኛው ክፍል በባለቤታቸው አስተባባሪነት፣ በስድሳ ሁለቱ ቤተሰቦች እጅ ይጠናቀቃል። ሰባቱም ሰዎች በተገባላቸው ቃል መሠረት በየቦታቸው ይገባሉ፤ ማንም ለማንም አይለቅም። የማንጠፉን ሥራ የጋሽ ውሃልክ የቀድሞ የሙያ ባልደረቦች በየተራ ለማገዝ ተመዝግበዋል። አራት ሰው ጠርተን አሥራ ሰባት መጥተዋል!

የመጋቢት 3 ቀን ቃለ ጉባኤም ታርሟል። አዲሱ እንዲህ ይነበባል፦ “ወረቀቶቹን ጋሽ ውሃልክ በሙያቸው ደንብ ገለበጧቸው፤ ባለቤታቸውም በሙያቸው ደንብ ገለበጧቸው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። በዚህም ምክንያት የማዕከሉ በር ሁሉም ሰው በሚገባበት በኩል ሆነ።” ባለቤታቸው አንብበው፣ “ጥፋት የሚለውን ቃል ለምን አወጣችሁት? ትንሽ አስቀሩልን እንጂ” ስላሉ፣ “ጥፋቱም የጋራ ነው” የሚል ተጨምሮ ፈርመዋል። ከአሁን በኋላ ስለ ግድግዳው በሚጻፍ በማንኛውም ሰነድ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ይሰፍራል።

ሥራው የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይጀመራል። ሰማያዊ ስባሪ ስላነሰ፣ ሰማያዊ ዕቃ የተሰበረበት ቤተሰብ ይዞ እንዲመጣ እንጠይቃለን። ደንቡ እንደ ጸና ነው፤ ሆን ብላችሁ እንዳትሰብሩ። የስብራቱን ጠርዝ መዳሰስ ባለቤታቸውም ይችሉበታል። ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ሁሉ ከቅዳሜ ጀምሮ ግድግዳው ሥር እንደሚያገኛቸው፣ ጓንትና ሽርጥ ይዞ እንዲመጣ፣ “አይዞሽ” ማለት የሚፈልግም እያጣበቀ እንዲል አሳስበዋል።

የማዕከሉ ሠራተኞችና ኮሚቴው ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ለመላው ቤተሰባቸው፣ አርባ ሦስት ዓመት ከጎናቸው ለተንበረከኩ የሙያ ባልደረቦቻቸው፣ ግድግዳው ላይ ላሉት ሃምሳ አምስት ሰዎችና ተራቸውን ለሚጠብቁት ሰባት፣ ብርታቱን አብረን እንድናገኘው ከልብ እንመኛለን።

የሐዘን መግለጫ ደብተር በአዲሱ በር መግቢያ ላይ ተቀምጧል። ከሥራ ላይ ተነሥቶ የሚፈርም ሰው እጁን ሳይታጠብ መፈረም ይችላል፤ ደብተሩን ሲሚንቶ ቢነካው ቅር አይለንም።

የመዝናኛ ማዕከሉ ጽሕፈት ቤትና የግድግዳ ሥራ ኮሚቴ
ግንቦት 14 ቀን